ስለ አንድ ውሳኔ ለተኳረፍን መራጮች

ይድረስ፦ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምትኖሩ ኢትዮጵያውያን አሜሪካውያን መራጮች፣ ለእድር ሰብሳቢዎችና ለአማርኛ ሬዲዮ አዘጋጆች



ኖቬምበር 2 ቀን 2021 ሦስት ነገር በአንድ ቀን ሆነ። ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን ኢትዮጵያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል እንደምትወጣ ለኮንግረስ አሳወቁ። በትግራይ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ በወደቁ ሰሞን፣ አዲስ አበባ ላይ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ዐወጀ። እዚህ ቨርጂኒያ ደግሞ ገዥ ለመምረጥ ተሰልፈን ነበር። ያን ጊዜ በመካከላችን የገባው ጠብ እስከ ዛሬ አልበረደም። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እርሱ ነው።

አብረው ሬሳ የሸኙ፣ አብረው ድንኳን የተከሉ የእድር ሰዎች ሰላምታ ተነፋፍገዋል። በክርስትና የተዛመዱ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ለየብቻ ያሳድጋሉ። የአጎዋውን ውሳኔ ደገፈ የተባለ «አገሩን የሸጠ» ሆነ፤ ተቃወመ የተባለ «የነፍሰ ገዳይ ጠበቃ» ሆነ። ከዚያ ወዲህ ስለ ቪዛም ሆነ ስለ ስደተኞች፣ ስለ ዕርዳታም ሆነ ስለ ዓባይ ከዋይት ሐውስ አንድ ነገር በተሰማ ቁጥር እነዚያው ስሞች ከተቀመጡበት ይወጣሉ። መራጮች በአንድ ፕሬዚዳንት ውሳኔ ላይ ለምን እንደሚለያዩ ስንጠየቅ አንድ መልስ ብቻ ይዘናል፦ «ያኛው ወይ አያውቅም፣ ወይ ተገዝቷል»። እኔ በሁለቱም ወገን ቆመው የተከራከሩ ሰዎችን ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ። የሚናገሩትን ያውቁ ነበር፤ የገዛቸውም አልነበረም። መልሳችን ስሕተት ነው፤ ዋጋም እያስከፈለን ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላንሣው። አጎዋ በ2000 በፕሬዚዳንት ክሊንተን ፊርማ የጸና ሕግ ነው። ከሰሐራ በታች ያሉ አገሮች ብዙ ዓይነት ሸቀጥ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንዲያስገቡ ይፈቅዳል። ፈቃዱ ግን ቅድመ ሁኔታ አለበት። ከባድ የሰብአዊ መብት ጥሰት የሚፈጽም መንግሥት ዕድሉን ያጣል፤ በየዓመቱ መርምሮ የሚወስነውም ፕሬዚዳንቱ ነው።

በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲታሰብ ይህ ዕድል ከስሌቱ ውስጥ ነበር። ከልብስ ስፌቱ መኪና ፊት የተቀመጡት በአብዛኛው ከሲዳማና ከወላይታ ገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የቢዝነስ ትምህርት ቤት በ2019 ባወጣው ጥናት መሠረት መነሻ ደመወዛቸው በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር። ዲሲ መሃል ከተማ አንድ መኪና ለአንድ ቀን ስታቆሙ ከዚህ ብዙ የማይርቅ ትከፍላላችሁ። በ2022 አጎዋ ሲነሣ በአንድ የጥጥ ቲሸርት ላይ 16.5 ከመቶ ቀረጥ ተጫነ፤ ከሰው ሠራሽ ክር በተሠራ ልብስ ላይ እስከ 32 ከመቶ የሚደርስበትም ነበር። ትርፉ በሳንቲም በሚቆጠር ሥራ ውስጥ ገዢው ፊቱን ወደ ሌላ አገር ለማዞር ይህ ይበቃዋል። የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው ፒቪኤች በዚያው ኖቬምበር ውስጥ ኢትዮጵያ ያለውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። የሰጠው ምክንያት በፍጥነት እየተባባሰ የመጣው የአገሪቱ ሁኔታ ነው፤ ስለዚህ ሁሉንም በአጎዋ ላይ መደፍደፍ ልክ አይሆንም። ጦርነቱም ቀረጡም ግን ያረፉት በእነዚያው ልጆች ላይ ነው።

እኔ ውሳኔው ስሕተት ነበር እላለሁ። ጦርነቱን ያወጀ፣ የመራ፣ ዕርዳታ ያገደ፣ ከተማ የዘረፈ ሰው ሐዋሳ ውስጥ ሸሚዝ አይሰፋም። ፕሬዚዳንቱ በጥፋቱ እጃቸው ያለበትን ግለሰቦችና ተቋማት ለይቶ ለመቅጣት የሚያስችል ትእዛዝ ሴፕቴምበር 17 ቀን 2021 ፈርመው ነበር። ያ መሣሪያ በእጃቸው ሳለ፣ ለማዘዝም ሆነ ለመሻር ሥልጣን የሌላትን ልጅ እንጀራ የሚነካውን መረጡ። አቋሜ ይህ ነው፤ ዛሬም አልተውኩትም።

አሁን ደግሞ ከእኔ የተለዩትን ስሙልኝ።

የመቐለ ተወላጅ የሆነች ወዳጅ አለችኝ። በ2021 ጁን መጨረሻ የፌዴራሉ ጦር ከመቐለ ሲወጣ ስልኩም ባንኩም መብራቱም ተቋረጠ። እናቷ ይኑሩ አይኑሩ ሳታውቅ ወራት አለፉ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ባይታወጅም በተግባር የዕርዳታ ከበባ መኖሩን ተናገረ። ለእርሷ «ሐዋሳ ምን ይሆናል?» የሚለው ጥያቄ ሁለተኛም ሦስተኛም አልነበረም። የእርሷ ጥያቄ «የአዲስ አበባን ጆሮ የሚከፍት ምን ቀረ?» የሚል ነበር። «ቅድመ ሁኔታው ሕጉ ላይ ተጽፏል። ይኼ ካላስነሣው ምን ሊያስነሣው ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ በአንድ ዐረፍተ ነገር የምመልሰው አልነበረም። አሁንም ቢሆን ቀላል ጥያቄ አይመስለኝም።

ደሴ ተወልዶ ያደገ ሌላ ወዳጅ ደግሞ አለኝ። የውሳኔውን ዜና የሰማው ዘመዶቹ ከተማውን ለቀው በእግራቸው ወደ ደቡብ በሚሸሹበት ሳምንት ነው። እርሱ ያየው ፕሬዚዳንት ወራሪውን ትቶ ተወራሪውን የቀጣ ሰው ነው። ስለ ሐዋሳ ሴቶች እኔ የምለውን ሁሉ ይቀበላል፤ ቁጣው ግን ከዚያ አልተነሣም። ወሎ ላይ ስለሚፈሰው ደም ዋሽንግተን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋለች ብሎ ነው የተቆጣው። ስለዚህ እርሱና እኔ አንድን ውሳኔ አብረን ስንቃወም እንኳ የተቃወምነው አንድ ነገር አልነበረም።

በማግስቱ፣ ኖቬምበር 3፣ የተመድ የሰብአዊ መብት ቢሮና የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት ኮሚሽን የጋራ የምርመራ ሪፖርታቸውን አወጡ። ከመረመሯቸው ተፋላሚዎች መካከል ንጹሕ ነው ያሉት አልነበረም። ያን ሪፖርት እያንዳንዳችን የየራሳችንን ገጽ መርጠን አነበብነው። በዚህ ማንንም አልከስስም፤ ሐዘንተኛ ከሙታን ዝርዝር ውስጥ አስቀድሞ የሚፈልገው የወገኑን ስም ነው። ግን ከዚያ በኋላ ሌላው ያነበበውን ገጽ እንደሌለ ቆጠርነው። ጠቡ እዚያ ላይ ሥር ሰደደ።

እንዲህ ያለ ልዩነት ውስጥ ዕውቀት የራሱ ድርሻ አለው፤ እኛ እንደምናስበው ግን አይደለም። ስልክ በተዘጋበት፣ ጋዜጠኛ እንዳይገባ በተከለከለበት ቦታ ስለሆነው ነገር እዚህ ፌርፋክስ ተቀምጦ በዐይኑ ያረጋገጠ ማንም አልነበረም። ሁላችንም ያደረግነው የምናምነውን ሰው መምረጥ ነው፤ እምነታችን ደግሞ የሄደው ወደ ሥጋ ዘመዳችን፣ ወደ አገራችን ልጅ፣ ቋንቋችንን ወደሚናገረው ሬዲዮ ነው። መረጃ ሲታፈን መጀመሪያ የሚጎዳው እዚያ ያለው ሰው ነው፤ ቀጥሎ የሚጎዳው እዚህ በሩቅ ሆኖ ድምፅ የሚሰጠው ነው፤ ጎረቤቱ በሌላ ወሬ ላይ ቆሞ እንደሚፈርድ አይታየውምና።

በአንድ ፕሬዚዳንት ውሳኔ ላይ እንዲህ መለያየት በአሜሪካኖቹም መካከል የነበረ ነው፤ አንደኛው ከእኛም ታሪክ ጋር ይነካካል። ኤፕሪል 11 ቀን 1951 ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን ጄኔራል ዳግላስ ማካርተርን በኮሪያ ጦርነት ከነበራቸው አዛዥነት አነሡ። ኢትዮጵያ ወደ ኮሪያ የላከችው የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ በዚያው ወር ከጅቡቲ በመርከብ ተነሥቶ በሜይ መጀመሪያ ፑሳን ሲደርስ የጦሩ የበላይ አዛዥ ሌላ ሰው ሆኖ ጠበቀው። አሜሪካ በቁጣ ተናወጠች። የሕዝብ አስተያየት መለኪያዎች ያሳዩት አብዛኛው ሰው ከጄኔራሉ ጋር መቆሙን ነው፤ ማካርተር ኒው ዮርክ ሲገቡ መንገዱ በሕዝብ ተጥለቀለቀ፤ ፕሬዚዳንቱ ተከስሰው ከሥልጣን ይውረዱ ያሉ የኮንግረስ አባላትም ነበሩ። አንዱ መራጭ «ይህን ጦርነት ማን ያሸንፍልናል?» ብሎ ጠየቀ። ሌላው «ጦሩን የሚያዘው ሕዝብ የመረጠው ሰው ነው ወይስ ጄኔራሉ?» ብሎ ጠየቀ። ልጆቻቸው ግን በአንድ ምሽግ ውስጥ ነበሩ። ዛሬ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ለትሩማን ይፈርዳሉ። ወታደር አሥራ ሰባት ዓመት የገዛን እኛም ሁለተኛው ጥያቄ ለምን እንደሚከብድ የሚያስረዳን አንፈልግም። ቢሆንም በ1951 ልጁ ቶሎ አሸንፎ እንዲመለስለት የፈለገ አባት ሞኝ ወይም ከሃዲ አልነበረም።

ወደ ቨርጂኒያ ልመለስ፤ ስለ ድምፅ አሰጣጣችን የምለው አለኝና።

በዚያ ምርጫ ሰሞን በባይደን አስተዳደር የተቆጡ ወገኖቻችን ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን ድምፅ እንዲሰጥ በይፋ ቀሰቀሱ። ያንግኪን ከ63 ሺህ በላይ በሆነ ድምፅ ብልጫ አሸነፉ። «እኛ ነን ያስመረጥናቸው» ያሉ ነበሩ፤ ሌሎች ደግሞ በቨርጂኒያ ትምህርት ቤቶች ጉዳይ ምክንያት ለያንግኪን የሰጠውን ጎረቤታቸውን በትግራይ ጦርነት አቋሙ ፈረዱበት። የአንድ ስቴት ገዥ አገርን ከአጎዋ ማውጣትም ሆነ መመለስ አይችልም። ፕሬዚዳንቱን ልንቀጣ የገዥውን ወረቀት ተጠቀምን፤ ይህም መብታችን ነው። ግን ወረቀቱ ላይ ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ የለም። ቨርጂኒያ ውስጥ መራጭ ሲመዘገብ የየትኛው ፓርቲ ነህ ተብሎ እንኳ አይጠየቅም። መዝገቡ የሚያሳየው ሰውየው ድምፅ መስጠቱን ነው፤ ለማን እንደሰጠ አያሳይም፤ ለምን እንደሰጠማ ከእርሱና ከፈጣሪው በቀር የሚያውቅ የለም። እኛ ግን ከአንድ ምልክት ተነሥተን የሰውን ልብ እናነባለን።

አንድ ፕሬዚዳንት ደግሞ አንድ ውሳኔ ብቻ አይወስንም። ባራክ ኦባማ ማርች 2010 የፈረሙት የጤና መድን ሕግ ስንቱን የራሱን ታክሲ የሚነዳ ወገናችንን ለመጀመሪያ ጊዜ የመድን ካርድ እንዳስያዘው ታውቃላችሁ። እኚሁ ሰው ጁላይ 2015 አዲስ አበባ ላይ ቆመው፣ ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ 547ቱንም የምክር ቤት ወንበር በወሰዱ በሁለት ወር ውስጥ፣ መንግሥቱን በዴሞክራሲያዊ መንገድ የተመረጠ አሉት። ስንቶቻችን ተንገበገብን! ዶናልድ ትራምፕ ኤፕሪል 2020 ባወጡት የኢሚግሬሽን እገዳ የዚያ ዓመት ዲቪ የደረሳቸው ልጆች ቪዛ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ግብፅ የሕዳሴውን ግድብ ልታፈነዳው እንደምትችል ተናገሩ። ይህም ሆኖ የሾሟቸው ሦስት ዳኞች ጁን 2022 በወጣው የፅንስ ማቋረጥ ፍርድ ወሳኝ ስለሆኑ፣ ለዚያ ሲጸልዩ ለኖሩ አማኞቻችን ይህ ከሌላው ሁሉ ይበልጣል። ባይደንም ከአጎዋ ካወጡን በኋላ በ2022 መጨረሻ እዚህ ላሉ ኢትዮጵያውያን ቲፒኤስ የሚባለውን ጊዜያዊ ከለላ ሰጥተዋል፤ ወረቀት ያልነበረው ወንድማችን በሕግ መሥራት የቻለው በዚያ ነው።

እንግዲህ አንድ መራጭ ይህን ሁሉ በአንድ ቀን፣ በአንዲት ወረቀት ላይ ሲመዝን ከጎረቤቱ ጋር አንድ ውጤት ላይ ካልደረሰ ምን ያስደንቃል? አንደኛዋ እናት ቤት ዲቪው የደረሰው የወንድሟ ልጅ ነው። ሌላኛዋ ቤት በመድኑ የሚገዛ ኢንሱሊን ነው። ሁለቱም የአጎዋውን ውሳኔ በእኩል ይጠሉት ይሆናል፤ ድምፃቸው ግን ለየብቻ ይሄዳል። በዚያው ልክ በአጎዋ ጉዳይ ጥርስ የተናከሱ ሁለት ሰዎች ለአንድ ዕጩ ድምፅ ሰጥተው ይወጣሉ።

ለምን ይህን አናይም? እኔ የሚመስለኝን ልናገር፤ ታላላቆቼም ይፍቀዱልኝ።

ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ ፕሬዚዳንት ካርተር በ1980 በፈረሙት የስደተኞች ሕግ በር የገባችሁ ናችሁ። የሱዳንን በረሃ አቋርጣችሁ የመጣችሁት ከምን ሸሽታችሁ እንደሆነ ልጆቻችሁ በደንብ አያውቁም፤ እናንተ ግን ታውቃላችሁ። በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ የግራ ፓርቲዎቹ ኢሕአፓና መኢሶን ያስነሡት ክርክር በመሠረቱ እኛን ዛሬ ከሚያጣላን ጋር ይመሳሰላል፤ መንግሥት የወሰነውን ውሳኔ እንዴት እንቀበለው? መሬት ላራሹ ታውጇል፤ ዐዋጁን ያወጀው ግን ወታደር ነው። መኢሶን ሂሳዊ ድጋፍ አለ። ኢሕአፓ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም አለ። ሁለቱም ድሀውን የሚወዱ፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አብረው የጮኹ፣ አንዳንዴም ከአንድ እናት የተወለዱ ልጆች ነበሩ። አንዱ ሌላውን «ባንዳ» አለው፤ ያኛውም ይኸኛውን «አናርኪስት» አለው። ከዚያ በኋላ ስም ብቻውን ለመግደያ በቃ። ኢሕአፓ በቀይ ሽብር አለቀ። ሂሳዊ ድጋፍ የሰጠውም በነሐሴ 1969 ዓ.ም. ከደርግ ተለይቶ ሲወጣ ታደነ፤ መሪው ኃይሌ ፊዳም ከመገደል አልተረፉም።

ያ ትውልድ የከፈለውን ዋጋ ማንም አያቃልልም፤ እኔም አላቃልልም። ግን በሻንጣችን ያመጣነው አንድ ነገር አለ። እኛ ባደግንበት አገር የመሪን ውሳኔ መደገፍም መቃወምም የማንነት ምስክር ወረቀት ነበር፤ ሞትና ሕይወት ስለሚወሰንበትም ሰው ሌላውን በዚያ ቢለይ አይፈረድበትም። እዚህ ግን ፕሬዚዳንት በአራት ዓመት ሊቀየር ይችላል፤ ውሳኔውም ይሻራል። ዲቪውን ያገደው ዐዋጅ ፌብሩዋሪ 2021 በሌላ ፊርማ ተነሥቷል። ለሚሻር ውሳኔ የማይሻር ጠላትነት ገዝተናል። ልቤን የሚያቆስለው ይህ ነው፤ ባለፈው ዓመት በአንድ ቀብር ላይ የሟችን አብሮ አደግ እድርተኛ፣ በ2021 በአንድ ሰልፍ ላይ ታየ ተብሎ፣ ከቤተሰቡ ጎን እንዳይቆም ሲከለከል አይቻለሁ።

ስለዚህ የምለምናችሁ አለ። የሬዲዮ አዘጋጆች፣ በስልክ የሚገባውን አድማጭ «ለማን ነህ?» ብላችሁ አትጀምሩ። «ይህ ውሳኔ ቤትህ ውስጥ ማንን ነካው?» ብላችሁ ጀምሩ፤ ከዚያም ሌላ ቤት የነካበትን ሰው በዚያው ሰዓት መስመር ላይ አስገቡ። ተራ በተራ፣ በየሳምንቱ አንድ ወገን ማቅረብ ሚዛናዊነት አይደለም፤ ሁለቱ ሳይሰማሙ እንዲደማመጡ የሚያደርገው አብሮ መቅረብ ነው። ለስድብ መስመር የሚዘጋ አዘጋጅ አድማጭ ያጣል የሚለውን ስጋታችሁን እረዳለሁ። ቢሆንም ዝጉ።

የእድር ሰብሳቢዎች፣ መተዳደሪያ ደንባችሁ ፖለቲካ አይነሣም ይላል፤ ጥሩ ደንብ ነው። አሁን የምለምነው በተግባር እንዲሠራ ነው፤ በፖለቲካ ምክንያት ከቀብር የቀረ፣ ሌላውን ከቀብር ያስቀረ አባል እንደማንኛውም ደንብ እንደጣሰ ሰው ይጠየቅ።

መራጮች ሆይ፣ ቁጣችሁን ለሚመለከተው ጻፉት። ስለ ኢትዮጵያ ለኮንግረስ በቀረበው የኤችአር 6600 ረቂቅ ሕግ ጊዜ የደገፈውም የተቃወመውም ለኮንግረስ ቢሮዎች ሲደውልና ሲጽፍ ከርሟል፤ ያን አቅም አይቼ ኮርቼበታለሁ፤ የኮራሁትም በሁለቱም ነው። የአጎዋ ዓመታዊ ግምገማ ሲካሄድም የአሜሪካ ንግድ ተወካይ ቢሮ የሕዝብ አስተያየት በጽሑፍ ይጠይቅ ነበር። ስለ ሐዋሳ ሴቶች የሚያውቅ ሰው ስለ ሐዋሳ፣ ስለ መቐለ የሚያውቅ ስለ መቐለ፣ ስለ ደሴ የሚያውቅ ስለ ደሴ ቢጽፍ ውሳኔ ሰጪው ሦስቱንም አንድ ላይ ያነባል። ጎረቤታችሁን ብትሰድቡ ግን ማንም ባለሥልጣን የሚያነበው ነገር የለም።

ሐሳቡን ለሚለውጥ ሰውም በር ይከፈትለት። ጄራልድ ፎርድ በ1974 ሪቻርድ ኒክሰንን ይቅር ሲሉ ኤድዋርድ ኬኔዲ በብርቱ ከተቃወሙት አንዱ ነበሩ፤ በ2001 ግን የወንድማቸው የጆን ኬኔዲ መታሰቢያ ተቋም ለፎርድ የድፍረት ሽልማት ሲሰጥ፣ ፎርድ ትክክል እንደነበሩ ኬኔዲ ራሳቸው በአደባባይ ተናገሩ። የሳቀባቸው አልነበረም። እኛ ዘንድ ግን በ2021 የነበረውን አቋም ዛሬ የለወጠ ሰው በአንዱ ወገን ከሃዲ፣ በሌላው ዘንድ ዘግይቶ የመጣ አስመሳይ ይባላል፤ ስለዚህ ለውጦም ዝም ይላል።

የመጀመሪያውን እንዲህ ያለ ውይይት ለሚያዘጋጅ ሬዲዮ፣ አጎዋን ተቃውሜ ለመናገር እኔ ዝግጁ ነኝ። የመቐለዋ ወዳጄም አጠገቤ ተቀምጣ ውሳኔውን ደግፋ እንደምትናገር ነግራኛለች። የደሴው ወዳጃችን እስካሁን አልወሰነም፤ የትኛው ጣቢያ እንደሚጋብዘን ካወቀ በኋላ ይነግረናል። የምንጠብቀው ጥሪያችሁን ነው።

ከአክብሮት ጋር፣

አንድ የፌርፋክስ ካውንቲ መራጭ